አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ስላለው አየር

ለተከበሩ የወተት ላሞች እርባታ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ደረትዎ፣ ጉሮሮዎና አፍንጫዎ በሰላም ሥራቸውን እየሠሩ እንደሚገኙ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የጥጆች ቤት ሠራተኛዎ፣ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ «ግለሰቧ» ብለው የጠሩኝ ሴት፣ ከውጭ በተቆለፈ በር ውስጥ ከአሥራ አንድ ጥጆች ጋር ተቀምጬ ይህን ስጽፍልዎ ደህና ነኝ፤ ሳሉን ካልቆጠርነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ መላክ ሲገባኝ ቅጂው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጭምር እንዲለጠፍ ያደረግሁት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ፈጣን መልስ ስላገኙ ነው። መልስ ባያገኙ ኖሮ ጥጆቹ ይሻላቸው ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅዎ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ስለ ጥጃ የማውቀውን ያወቅሁት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ወረቀትና የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ጠቅልሎ ከሚጥላቸው የአሮጌ መጽሐፍ ገጾች ስለሆነ፣ እውቀቴ እዚህም እዚያም የተቀደደ ነው። በተቀደደው በኩል ብሳሳት እንደሚያርሙኝ አልጠራጠርም።

፩. በቅድሚያ ስለ መስኮቶቹ ላመስግንዎ። ዝናቡ በገባ ሰሞን ሁለት እንቦሶች ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሐኪሙ ከፍቶ ሲያያቸው ሳንባቸው እንደ ጉበት ጠጥሮ ነበር። እርስዎ «ሳንባ» የሚለውን ቃል እንደሰሙ ጥፋተኛው ብርድ መሆኑን ቤቱን ማየት ሳያስፈልግዎ ስለደረሱበት፣ ስድስቱም መስኮቶች በዚያው ቀን በሚስማር ተመቱ። የሽንቱ ሽታም እንደ እኛው መውጫ አጥቶ ቀረ። ሌሎች ሦስት ጥጆች መሳል ሲጀምሩ «አየር አጠራቸው» ብዬ አመለከትኩ። መሳላቸው ብርዱ ገና እንዳልተሸነፈ ማስረጃ ሆኖ ተገኘና በመስኮቶቹ ላይ ፕላስቲክ ተወጠረ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ከጣሪያው ሥር የነበረው ክፍተት በጆንያ ተጠቀጠቀ። በጻፍኩ ቁጥር አንድ ቀዳዳ ስለሚደፈን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እስክሪብቶ ሳነሣ ጥጆቹ በስጋት የሚያዩኝ ይመስለኛል።

፪. ስለ ቁልፉም አመሰግናለሁ። ቀን ቀን በሩን ገርበብ እንደማደርግ ስለተደረሰበት፣ ዘበኛው ጠዋት ካስገባኝ በኋላ ይቆልፍብኛል፤ ለምሳ ይከፍታል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ ማታ ያስወጣኛል። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው። ቁልፉን ባዞረ ቁጥር «ይቅርታ እትዬ» ይለኛል፤ እኔም በሳንቃው በኩል ምንም አይደለም እለዋለሁ። እንዲህ እየተከባበርን አንድ ወር አለፈን።

፫. የአየር መለኪያ የያዘ ባለሙያ ስለላኩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ መለኪያውን በደረቱ ትክክል ከፍ አድርጎ አነበበና «ደህና ነው» ብሎ ጻፈ። ጥጃ በደረት ትክክል እንደማይተነፍስ፣ የተወለደ ሰሞን ውሎው መተኛት እንደሆነ፣ አፍንጫውም ከእርጥቡ ወለል አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ እንደሚል ነግሬ እባክዎ ዝቅ ያድርጉት አልኩት። በትሕትና መለሰልኝ።

«እናቴ፣ ቅጹ ላይ ወለል የሚል የለም።»

እውነቱን ነው፤ ቅጹን አሳየኝ፤ የለም። ለመሬት ቅርብ የሆነ ፍጡር ሁሉ ቅጽ ሲዘጋጅ ይረሳልና አልተከራከርኩትም።

፬. አሁን ወደ ተከሰስኩበት ጉዳይ ልምጣ።

ችኩሊት የምላት ጥጃ ከቀኗ ቀድማ ከመንታ እህቷ ጋር ተወለደች። እህቷ አልተነፈሰችም። እሷም መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር። ልጋጉን ከአፏና ከአፍንጫዋ ጠርጌ፣ በደረቷ አስተኝቼ ጎኗን በገለባ አሸኋት፤ አንዲት ገለባ ወደ አፍንጫዋ ብሰድ አነጠሰችና ተነፈሰች። በመዝገብ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነች አውቃለሁ፤ ያነጠሰችው ግን ፊቴ ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ትንፋሿን በእህቴ የእጅ ሰዓት ቆጠርኩ። ደህና ጥጃ ተኝቶ በደቂቃ አርባ ገደማ ይተነፍሳል። እሷ ዘጠና ደረሰች። አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ጎን አጥንቷ አንድ በአንድ እየታየ ትተነፍሳለች እንጂ ወተት እንኳ አልፈለገችም። ምን እንደሚታያት ልወቅ ብዬ አጠገቧ ጋደም አልኩ። መቶ እስክቆጥር ልቆይ አስቤ ነበር። ሠላሳ ላይ ዓይኔ ነደደ፣ ስልሳ ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ሰማንያን ስጠራ በአራት እግሬ ቆሜ እያሳልኩ ነበር። ያን ያህል ሳምንት ከላይ ቆሜ ይከብዳል እንጂ ይቻላል ስል የከረምኩት በራሴ ቁመት ለክቼ ኖሯል። በዚህ እኔና ባለሙያዎ አንለያይም፤ እሱ ቢያንስ ቅጽ ነበረው።

ከኋላ ግድግዳ ከወለሉ ጋር እኩል የሆነች የእበት ማውጫ አለች፤ ስፋቷ ጥጃ አንገቱን የሚያወጣባት ያህል ነው። እሷም በሳንቃ ተመትታ ነበር። ሳንቃውን በአካፋ ጫፍ ፈነቀልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ምርመራ አያስፈልግም። ከሥሩ ደረቅ ገለባ ጎዝጉዤ ችኩሊትን አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው አድርጌ አስተኛኋት። በማግስቱ ሰባ ሁለት፣ ዛሬ ጠዋት ሃምሳ ስድስት ተነፈሰች። ወተቷንም ግማሽ ጠጣች። ሐኪሙ መጥቶ ደረቷን ካዳመጠ በኋላ መድኃኒቱን ሳያወጣ ቦርሳውን ዘጋ።

«የተጎዳው ሳንባ ንጹሕ አየር ካገኘ ቀስ እያለ ይድናል። ሳንቃው ከተመለሰ ግን እኔን አትጥሪኝ፣ እህቴ።»

ሌሎቹ አሥሩም ጥጆች ይህን ሰምተው ነው መሰል ተራ በተራ እየመጡ አጠገቧ ይተኛሉ።

የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ግን የድርጅቱን ንብረት ሆን ብዬ ማበላሸቴን ገልጾ፣ ሳንቃው ዛሬ ከምሳ በፊት ወደ ቦታው እንዲመለስ ያዛል። አናጺውም ታዛዥ ሠራተኛ ስለሆነ መዶሻውን ይዞ በጠዋት ከውጭ በኩል መጥቷል። ችግሩ ሚስማር የለውም። ንብረት ክፍል ያለው ሁሉ መስኮቶቹ ላይ አልቋል ብሎታል። የቀሩት ከሳንቃው የነቀልኳቸው ሰባቱ ናቸው፤ እነሱም በእኔ እጅ ናቸው። እዚያው ደጅ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አየን።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደብዳቤውን ቀስ ብለሽ ጻፊው፤ እኔ ገና ሚስማር እየፈለግሁ ነው።»

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሚስማሮቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሳንቃው እንዲመታ ከፈለጉ ይዘዋቸው ይምጡ። አናጺው የሚመታው ከእጅዎ ሲቀበል ነው። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ ወደ ጥጆቹ ቤት ገብተው በሩ ከኋላዎ ይቆለፍና፣ ቀዳዳዋን በጆንያ ደፍኜልዎት ከችኩሊት ጎን ጋደም ብለው መቶ ይቁጠሩ። ንጹሕ ገለባ አነጥፍልዎታለሁ። መቶ ከደረሱ ሳንቃውን ራሴ ደግፌ እይዛለሁ፤ ቃሌ ነው።

ትእዛዝዎን ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ ያለማጉረምረም ስፈጽም የኖርኩ፣ ከነሳሌና ከነአሥራ አንዱ ጥጆች ዝቅ ብዬ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብዬ፣ እጅ የምነሳ

የጥጆች ቤት ሠራተኛዎ

አባሪ፦ ሚስማር፣ ሰባት ፍሬ (ጠመው ስለነበር በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃንቻቸዋለሁ)
ግልባጭ፦
ለእንስሳት ሐኪሙ
ለዘበኛው (በቁልፉ ቀዳዳ በኩል)
ለአናጺው (ያለ አባሪ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ትንሽ ከሸተተዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በሩ እስከ ምሳ ስለማይከፈት ለአናጺው የማቀብለው በዚያችው በእበት ማውጫ ነው፤ ወረቀቱን ለማሳለፍም የችኩሊትን አፍንጫ ለአፍታ ፈቀቅ ማድረግ ይኖርብኛል፣ አትወደውም። ደግነቱ ሽታው እርስዎ ዘንድ አይቆይም። ማስጠንቀቂያውን ልፈርም ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ ሁለቱም መስኮቶችዎ ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ ያየችው ጸሐፊዎ ምክንያቱን ነገረችኝ፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሽታው ደረትዎን አፍኖዎት ነው አሉ።