የእማዬ ጥርስ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። እማዬ ልቤን አወለቀችው። ስልክ ብደውልልህ አታነሳም፤ ምን ላድርግ፣ በብዕር መጣሁብህ።

ያ የታችኛው ክፉ ጥርሷ ተነስቶባታል። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከሰችበት። ቀጥላ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ወሸቀችበት፤ ድዷ ተቃጥሎ ተላጠ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ደግሞ ጥጥ በሽቶ ነክራ መጣች፤ ይኸው እማዬ ባዛጋች ቁጥር ቤቱ ሙሽራ የገባበት ይመስላል። እማዬ ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ እንክብል ከፍታም ዱቄቱን የጥርሷ ቀዳዳ ውስጥ ጠቀጠቀችው። የጎረቤትን የጉልበት ኪኒን እንኳን አልማረችም። እማዬ፣ ይሄ እኮ የጉልበት ነው ብላት፣ ያመመኝን ቦታ እሱ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል አለችኝ። ምን ትላታለህ! ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል፤ በሽተኛዋ እሷ ብቻ ናት።

አሁን ግን ቀልዱ አልቋል። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋው ነው። አፏ ማንኪያ አያስገባም። ትናንት እየጎተትኩ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ዶክተሩ ልጄ ሊመረቅልኝ ነው፣ የመጀመሪያ በሽተኛው እኔ ነኝ፣ አፌን ለባዕድ አልከፍትም፣ ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ብላ ብድግ! ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አንተ የገባህበት ትምህርት ቤት ነው የተማረው። እማዬ ስምህን በኩራት ስትነግረው አቀረቀረ። እሷ ስትወጣ እኔን አስቀረኝና፣ እብጠቱ ወደ አንገቷ ከወረደ ትንፋሽ ሊያሳጣት ይችላል አለኝ። ሌላም ነገር ነገረኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ቤት ስንገባ ጮኽኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኳት። እሷ እቴ፣ ምን ደበቅኩ፣ ልጄን ነው የምጠብቀው አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በረንዳ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ባንተም በጣም ተናድጃለሁ፣ አልዋሽህም።

ና በቃ። የጥርስ ሐኪም መሣሪያም አትያዝ። እጇን ይዘህ እዚያ የሐኪሙ ወንበር ላይ አስቀምጣት፤ የኔን እንጂ ያንተን ቃል እምቢ አትልም። የቀረውን በራስህ ጊዜ፣ በራስህ አፍ ትነግራታለህ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ክፉ አይንካህ፤ እሷንም ለሁለታችን ያቆይልን።

ታላቅ እኅትህ

ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሐኪሙ ትሠራበታለህ ያለኝ ጎሚስታ ቤት ድረስ ሲያመጣልህ አትደንግጥ። የት እንደላክሁት እማዬ አላወቀችም። ስትመጣ ግን እጅህን ከግሪሱ በደንብ ታጠብ፤ መጀመሪያ የምታየው እጅህን ነው።