ሦስት ፊደል ዝምታ፤ የድምፃዊት ሰርኬ ገብረወልድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰርኬ ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ ሻዎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ ወልደየስ በሐምሌ ወር 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ተወለዱ። አባታቸው ከቦንጋ ማርና ኮረሪማ እያስመጡ በኮልፌ ገበያ የሚሸጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ከደጃፍ ቆመው ልጆቻቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ስለነበር፣ ጎረቤቱ “የካሳነሽ ልጆች ሰዓት ምን ያደርግላቸዋል” እያለ ይቀልድ ነበር። ሰርኬ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በዚህ ጥሪ እየተሰበሰቡ አደጉ። አባታቸው ያረፉት ሰርኬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የጽሕፈት ሥልጠና ወስደው፣ በ1964 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፒስት ሆነው ተቀጠሩ። ከእጃቸው የሚወጣ ወረቀት ስርዝ ድልዝ አያውቅም። አለቆቻቸው “ሰርኬ የጻፈችው ከሆነ ሳታነብ ፈርም” ይባባሉ እንደነበር ዛሬ እዚህ የተገኙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። በ1967 ዓ.ም. ከከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ወንድይፍራው በላቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ጽጌማርያምንና አሰፋን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቤተሰቡ በእናታቸው ቤት ምሳ ቀርቦለት ሳለ ሁለት ሰዎች ከበሩ ቆመው ወንድማቸውን ለአንድ ፊርማ እንደሚፈልጉት ተናገሩ። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነው። እጁን ሳይታጠብ ተነሣና “እማዬ፣ ምሳዬን ክደኚው፤ መጣሁ” ብሎ ወጣ።

የሚሄድ ሰው “መጣሁ” ማለቱ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በዚያ ቤት ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቃሉን ደፍሮ የሚናገር የለም። ለጨው የሚወጣ ሰው እንኳ “ደርሼ ልመለስ” ይላል። ሰርኬ ሦስት ቦታ ሄደው ጠየቁ፤ ሦስቱም ቦታ “እዚህ የለም” አሏቸው። የበላው ጅብ አልጮኸም። ድንኳን አልተጣለም፤ ለቅሶም አልተቀመጡም። በዚያን ጊዜ ማልቀስ ያስጠይቅ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ ቢፈቀድም የሚያለቅሱበት ምክንያት እንደሌለ ተናገሩ። የተከደነው ሳህን እስከ ማክሰኞ ከመደቡ አልተነሣም። ስሙን መጥራትም ቀረ፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅምና። ሕፃኗ ጽጌማርያም አጎቷን የምታውቀው “እሱ” በሚል ብቻ ነበር።

ሰርኬ በ1974 ዓ.ም. በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ገብተው ከኋላ ረድፍ ተቀባይ ሆኑ። የቡድኑ ኦርጋን ተጫዋች ዳኛቸው አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ነጠላቸውን እያጣፉ ሲያንጎራጉሩ ሰማቸውና “እትዬ ሰርኬ፣ ይህን ድምፅ ከሃምሳ ሰው ኋላ ደብቀሽ ለማን ታስቀምጪዋለሽ?” አላቸው። ከሁለት ዓመት ልመና በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ስምንት ዘፈኖች ያሉበት አንድ ካሴት ሊያስቀርጹ ተስማሙ። ግጥሞቹን ራሳቸው ደርሰው ራሳቸው በታይፕ ጻፏቸው።

ግጥም የሚመረምሩት ሰው ሰባቱን እንዳሉ አለፏቸው። በስምንተኛው፣ “ምሳህ አልተነሣም” በሚለው ላይ ግን አዝማቹ ውስጥ የወንድማቸው ስም ነበረ። በቀይ ቀለም ሰርዘውት “ለግለሰብ አይዘፈንም፤ ‘ጓዴ’ ይባል” ብለው ጻፉበት። ሰርኬ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደው ብዙ ካዩት በኋላ ለባለቤታቸው “ሦስት ፊደል በሁለት አይሞላም” አሏቸው። በማግሥቱ ግጥሙን እንደገና ጻፉት። ከስሙ ቦታ ሲደርሱ የጽሕፈት መኪናውን ባዶ ቦታ መተውያ ሦስት ጊዜ መቱና አለፉ። አዝማቹ እንዲህ ሆነ፦

ምሳህ አልተነሣም፣ ክዳኑም አልወጣ፤
. . . ቶሎ ናልኝ፣ መጣሁ ያለ ይምጣ።

መርማሪው ቀዩ ምልክት ያረፈበት ስም መውጣቱን አይተው ማኅተማቸውን አሳረፉ። ባዶውን ቦታ የመኪናው እንከን አድርገው ሳይወስዱት አልቀሩም።

በቀረጻው ዕለት ሰርኬ ከዚያ ቦታ ሲደርሱ እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ኦርጋኑም ሳክስፎኑም እንዲቆም ጠየቁ። ዳኛቸው አልወደደውም። “እትዬ ሰርኬ፣ ሙዚቃ ከቆመ ሰው ባትሪ አለቀ ነው የሚለው” አላቸው። “ይበል” አሉት። እንዳሉትም ተቀረጸ።

ካሴቱ ገበያ አልቀናውም። ዘመኑ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ዘፈን ይፈልግ ነበር፤ የሰርኬ ግን ሁሉም ዝግ ያለ ነው። ሆኖም ያዳመጣቸው ሰው አይለቃቸውም። በድምፃቸው ላይ ጌጥ አያበዙም፤ ስንኙን ሌላው ዘፋኝ በሚያንቆረቁርበት ቦታ እርሳቸው ቶሎ ይጨርሱትና ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። በሦስተኛው ዘፈን መካከል ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ወዳጆቻቸው ይህን እንኳ ለይተው ያውቁታል፤ ድምፁ እስኪመጣ ይጠብቁታል። ጉዲቱ የተባሉ ልብስ ሰፊ “ሌላው ለአዳራሽ ነው የሚዘፍነው፤ ሰርኬ ግን ስምህን ይዛ ከጓዳ ትጠራሃለች፤ አቤት ሳትል አትቀርም” ይሉ ነበር።

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አቶ ፈቀደ ካሴቱን ከሁሉ በፊት ያጫወቱ ሰው ናቸው። ገዢዎች ግን እየመለሱ አስቸገሯቸው። አንድ ሾፌር “ጋሽ ፈቀደ፣ ካሴትህ መሐል ላይ ያንቀላፋል፤ ወይ ቀስቅሰው ወይ ሌላ ስጠኝ” አላቸው። አቶ ፈቀደ የዋህ ነጋዴ ስለሆኑ ጥፋቱ የክሩ ነው ብለው አመኑ። ሲያባዙ ከባዶው ቦታ ላይ መቅረጫውን ቆም እያደረጉ ክፍተቱን ዘጉት። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይሄድ ጀመር። የሚመልስም ጠፋ።

እርሳቸው ያላወቁት ነገር ነበረ። ወይዘሮ ካሳነሽ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሙዚቃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። አውቶቡስ አይሳፈሩም። ከድምፅ ማጉያው የልጃቸው ዘፈን እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ሙዚቃው ሲቆም በዚያች ቅጽበት ስሙን ይጠሩታል፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሰባት ዓመት በቤታቸው ያልጠሩትን ስም።

በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ በአንድ ሐሙስ ዘፈኑ መጣ። ወይዘሮ ካሳነሽ አፋቸውን ከፈቱ። ሙዚቃው ሳይቆም አለፋቸው። እስከሚቀጥለው አዝማች ጠበቁ፤ እሱም አለፋቸው። ተነሥተው አስፋልቱን ተሻገሩና ከሱቁ በር ቆሙ።

“ፈቀደ፣ ልጄን የት አደረስከው?”

አቶ ፈቀደ የልጅ ልጃቸውን አሰፋን የሚፈልጉ መስሏቸው “የትኛውን ልጅ፣ እማማ? እዚህ የመጣ የለም” አሏቸው። ወይዘሮ ካሳነሽ በጣታቸው ድምፅ ማጉያውን አሳዩ። “እዚህ ውስጥ ነበረ” አሉ። “ትናንት ነበረ።”

ለሰባት ዓመት ማንንም ደፍረው ያልጠየቁትን ጥያቄ የጠየቁት ካሴት ሻጭን ነው። አቶ ፈቀደ ሱቃቸውን ዘግተው ወይዘሮዋን ደግፈው እስከ ሰርኬ ቤት ወሰዱ፤ የመጀመሪያውን ቅጂም ከሰርኬ እጅ ተቀብለው ክፍተቱን የዘጉባቸውን ካሴቶች ሁሉ መልሰው ቀረጿቸው። ከዚያ በኋላ ተበላሽቷል ብሎ ለሚመልስ ሰው “አልተበላሸም፤ እዚያ ጋ ሲደርስ የራስህን ሰው ጥራ” ይሉት ነበር።

ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ካሴቱ ከኮልፌ ወጥቶ ሰርኬ ረግጠው ወደማያውቋቸው ከተሞች ደረሰ። በ18 ማዞሪያም ከሰዓት በኋላ ፌርማታው ላይ የሚቀመጠው ሰው በረከተ። ሙዚቃው ሲቆም ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። አንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ስም ስላለበት ጊዜው አይበቃውም፤ ዘፈኑ ከቀጠለ በኋላም ከንፈሩ ይቀጥላል። አቶ ወንድይፍራው ያን ፌርማታ በአውቶቡስ ሲያልፉ ሞተር የሚያቀዘቅዙ መስለው ይቆሙ እንደነበር፣ ተሳፋሪውም አንድ ቀን እንኳ “ምን ሆንክ፣ ንዳ እንጂ” ብሏቸው እንደማያውቅ ይናገራሉ።

በ1978 ዓ.ም. ሰርኬ ተጠርተው ሄዱ። የጠሯቸው ሰው ካሴቱን አጫውተው ከዚያ ቦታ ላይ አቆሙት።

“እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚባለው?”

“ምንም አይባልም።”

“ሕዝቡ ግን አንድ ነገር ይላል።”

“እንግዲያ ሕዝቡን ይጠይቁ።”

ሰርኬ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥተው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሰውዬው ባዶውን ቦታ አዩት፤ ማኅተሙን አዩት፤ ወረቀቱን መልሰው ሰጧቸው። ቀጥለው አንድ ምርጫ አቀረቡ፦ ዘፈኑን “ጓዴ” ብለው እንደገና ያስቀርጹ፤ ያኔ ሁለተኛ ካሴት ይፈቀድላቸዋል፣ በትልቅ መድረክም ይዘፍናሉ። አለዚያ ከእንግዲህ በየትም ቦታ አይዘፍኑም። ሰርኬ ለማሰብ ጊዜ አልጠየቁም። “እንግዲያው አልዘፍንም” ብለው ወጡ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። የሁለተኛው ካሴት ግጥሞች ተጽፈው አልቀው ነበር፤ ዜማውንም ዳኛቸው ጨርሶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠርግም፣ በልደትም፣ ልጆቻቸውን ሲያስተኙም አልዘፈኑም። ሰው ሲለምናቸው “እዚያ ጋ ዝም ካልኩ ወዲህ የቀረውም አብሮ ዝም አለ” ብለው ይመልሱ ነበር። መንገድ ላይ አውቀው ሰላም የሚሏቸው ወዳጆቻቸው ስለ ድምፃቸው አያነሡባቸውም። ጠጋ ብለው ግን “እኔ እኅቴን ነው የምጠራበት”፣ “እኔ ሁለቱንም ልጆቼን” ይሏቸዋል። ሰርኬ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይሰማሉ። የሰሟቸውን ስሞች አንዱንም አይረሱም ነበር፤ በሕመማቸው ወራት ትኩሳቱ ሲበረታ እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ ሲጠሩ ያስታማሟቸው ሰምተዋል። መካከል ላይ ግን እየቆሙ አንድ ስም ይዘሉ ነበር።

ወይዘሮ ሰርኬ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ከስምንት ወር ላላነሰ ጊዜ በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዘመድ ወዳጆቻቸውና ድምፃቸውን የሚወዱ ሁሉ በተገኙበት በዛሬው ዕለት በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሲነበብላቸው ወይዘሮ ካሳነሽ “አንድ ወንድም ነበራቸው” ከሚለው ላይ አስቆሙ። “ስለ ሰርኬ ነበረች ብላችሁ ጻፉ፤ ዛሬ ማለዳ በእጄ ገንዣታለሁ። እሱን ማን ገነዘው? ከሟች ጋር አትደምሩብኝ” አሉ። ከቤተሰቡ መካከል ስሙ በዚህን ያህል ሕዝብ ፊት ባይነበብ ይሻላል፣ ጊዜው ገና ነው ያሉ ነበሩ። ወይዘሮ ካሳነሽ “እሷ ሰባት ዓመት ክፍት አድርጋ ያቆየችለትን እኔ ልዝጋው?” ብለው ጠየቋቸው። 

ስለዚህ ወይዘሮ ሰርኬ ገብረወልድ ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ባለቤታቸውን አቶ ወንድይፍራው በላቸውን፣ ልጆቻቸውን ጽጌማርያም ወንድይፍራውንና አሰፋ ወንድይፍራውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ካሳነሽ ወልደየስን፣ እንዲሁም ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላቸውን ወንድማቸውን አቶ አምሐ ገብረወልድን በሕይወት ትተው ነው።

እግዚአብሔር የእኅታችንን የሰርኬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለቀሩት ሁሉ መጽናናቱን ይስጥ። ለወንድማቸው የነፍስ ይማር ጸሎት በዚህ ወረቀት ላይ አልተጻፈም።