ለጋሽ ደምሴ የሰጠሁት ሥጋ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት

የሰፈራችንን የቅርጫ በሬ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ትናንት ማለዳ ለእርድ ሲጎተት እግሮቹ ተብረከረኩ፤ ጭንቅላቱ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ጎረቤቶቼ «መንገድ አድክሞት ነው» አሉ። እኔ ግን ስለ እብድ ላም በሽታ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። የሰውን አንጎል ይጎዳል፣ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል፣ ቢቀቀል ቢጠበስም አይጠፋም ይላል። «ምን ዓይነት በሬ ነው የገዛህልን?» እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ። ሁሉም ሥጋውን ይዞ ወደየቤቱ ገባ።

የእኔን ድርሻ ግን ቤቴ አላስገባሁትም። ልጆቼ እንዲቀምሱት አልፈለግኩም፤ በፋሲካ ሥጋ መጣሉም ከበደኝ። እህል በረንዳ ያለውን መጋዘኔን ለሚጠብቁት ለጋሽ ደምሴ ወስጄ ሰጠኋቸው። ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «ቤትህን ይባርክልህ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ። አሜን ማለቴ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።

ዛሬ መጋዘኑ ጋ ብቅ ስል ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው ደረስኩባቸው። ጋሽ ደምሴ ከዚያው ሥጋ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ።

«ሆዴን አሞኛል» አልኳቸው።

እጃቸው ትንሽ አየር ላይ ቆየና ዞረው ሚስታቸውን አጎረሷቸው።

በሬውን እውነትም መንገዱ አድክሞት ይሆናል። እንደዚያ ካመንኩ ታዲያ አፌን ለምን አልከፈትኩም?

እትዬ ዘነቡ ጉርሻውን እያኘኩ በሐዘኔታ አዩኝ። «ውይ ልጄን፣ እግዜር ይማርህ» አሉኝ።