ኩፍኙና የወይዘሮ ሰገነት አስማማው ስም

በቀብር ላይ የሰው ታሪክ ሲነበብ ልደት ይቀድማል። ወይዘሮ ሰገነት ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «ኩፍኝ የያዛትን ልጇን መርፌ አስወግታ ገደለች» እየተባሉ ኖረዋልና ይኸ ሳይነሣ ሌላው ቢነበብ ውሸት ይሆናል።

ወይዘሮ ሰገነት ከአባታቸው ከአቶ አስማማው ወርቁ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደስታ በ1932 ዓ.ም. ዱርቤቴ ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ፊደል የለዩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከታናሽ እህታቸው ከውዴ ጋር በቀበሌው አዳራሽ ነው። መምህሩ «እማማ፣ እርሳሱ እኮ ማማሰያ አይደለም» ቢላቸው «ማማሰያ ቢሆንማ እኔ አንተን ባስተማርሁህ» ብለው ክፍሉን አስቀውታል።

በ1954 ዓ.ም. አቶ ቢያዝን ዓለሙን አግብተው ባሕር ዳር ገቡ። አቶ ቢያዝን በፋብሪካ ሲሠሩ እሳቸው በታንኳ ከሚመጣው ዓሣ እየገዙ፣ እየጠበሱ ሸጡ። አንዳርጋቸውንና ፀሐይወርቅን ወለዱ። ፀሐይወርቅን ክርስትና ያነሡላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ናቸው። አበልጅ ማለት ከእህት አያንስም፤ ወይዘሮ ሰገነትም እንደዚያው አምነው ኖሩ።

ያን ጊዜ ብርድ በገባ ቁጥር ኩፍኝና ትክትክ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ዛሬ ክትባት ስለ መጣ ሕፃናቱ ይኸን አያውቁትም። ኩፍኝ የገባበት ቤት በሩ ላይ ቅጠል ይሰካል፤ ልጅ ያላት እናት ያን አይታ ትመለሳለች። በ1968 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራው የወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነበር። በራቸው ላይ ቅጠል አልነበረም። እናቶች ማኅበሩን ሲጠጡ ልጆቹ እንደ ልማዱ ጓዳ ገብተው ተኙ፤ ፀሐይወርቅም ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ልጅ ከሣህሉ ጎን ተኛች።

ወሩ ሳይወጣ ኩፍኝ ወጣባት። ትንፋሽ ሲያጥራት እናቷ አዝለው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ መርፌ ተወጋች፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። የአቶ ቢያዝን ዘመዶች ገና ከለቅሶው ድንኳን ሳይወጡ «መርፌው ኩፍኙን ወደ ውስጥ መለሰው» አሉ።

በዚያው ለቅሶ ወይዘሮ ሰገነት ሣህሉን አዩት፤ ፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጣል። ኩፍኝ ያለፈበት ልጅ እንዲህ ነው። አበልጃቸውን ለብቻ ጠርተው ለምን ቅጠል እንዳልሰኩ ጠየቁ።

«ታዲያ ጠላው ደርሶ፣ ድፎው ተጋግሮ፣ ሚካኤልን ተራዬን ዝለለኝ ልበለው? ለባልሽም ለዘመዶቹም ራሴ እናገራለሁ። አንቺ ብቻ አታውጪብኝ» አሏቸው።

ወይዘሮ ሰገነት ቃላቸውን አምነው ምስጢሩን ያዙላቸው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ሲጠየቁ «እኔስ መርፌው ይቅርብሽ ብያት ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ አቶ ቢያዝን ትዳሩን ትተው ፋሲሎ ሰፈር ሌላ ጎጆ ወጡ። ወይዘሮ ሰገነት ዓሣቸውን እየጠበሱ ልጃቸውን አሳደጉ፤ አንዳርጋቸው ዛሬ በማክሰኝት መምህር ነው። አበልጃቸውን በመንገድ ሲያገኙ ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ከእጃቸው ግን ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

ዘንድሮ የልብ ሕመም ጸናባቸው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ።

«እናገራለሁ ያልሽውን አሁን ተናገሪ» አሏቸው ወይዘሮ ሰገነት።

«አሁን ምን ያደርጋል፣ አበልጄ? የሞተ አይነሣ።»

«የሞተችውንስ እግዜር ያውቃታል። እኔ ነኝ ያልተነሣሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ናቸው። ስማቸው የተጠራ እንዲያፍሩ አይደለም፤ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣም ስላለ ነው።

ወይዘሮ ሰገነት ሚያዝያ 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ ግን ከአልጋ ተነሥተው ልብስ ቀየሩ። ውዴ ብትለምናቸውም አልሰሙ። በጋሪ ፋሲሎ ሄደው፣ ውዴ ክንዳቸውን ይዛ፣ ከአቶ ቢያዝን ደጅ ቆሙና ሁሉንም ከጽዋው ጀምረው ነገሯቸው።

«ለምን እስከ ዛሬ?» አሏቸው አቶ ቢያዝን።

«አበልጄን ስጠብቅ።»

«በይ ግቢ፣ ፀሐይ ነው።»

«ልነግርዎት ነው የመጣሁ፤ ልገባ አይደለም» ብለው ወደ ጋሪው ተመለሱ።

ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳቸውን ፀሐይወርቅ ካለችበት ያድርስልን።