ዘፈን የመሰለኝ ለቅሶ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 2 ሰዓት

ውኃ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ሁለቱን ጀሪካን፣ የአቾልንም ባልዲ። ባለቤቴ ከድጃ የለችም። ትናንት ደሴ ሄደች፣ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ። ዐሥር ቀን ብላኛለች። ቤቱ ከወዲሁ ሰፍቶብኛል። ቁርስ ዳቦ በሻይ።

አቾል በማለዳ ወጥታለች። ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት ደብተሬ፣ አምና የጻፍኩልሽ። ስድስት ኪሎ፣ ታሪክ፣ 2ኛ ዲግሪ። መጀመሪያ ስትመጣ ሰዓታችን አሳበዳት። ፈተናው 3 ሰዓት ነው ሲሏት በአገሯ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሄዳ አዳራሹ ተቆልፎ ጠበቃት። እያለቀሰች መጣች። በማግስቱ በካርቶን ላይ ሰዓት ስዬ ሰጠኋት፣ የኛን በጥቁር፣ የሷን በቀይ። በሯ ላይ ለጥፋዋለች። እኔም ሚንስክ አምስት ዓመት የውጭ ተማሪ ነበርኩ፤ ከኔ በላይ ማን ይረዳታል? (ይህችን ለመጣ ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ከድጃ ሰልችቷታል።)

በአማርኛ ጎብዛለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል እንጂ የቡድን ሥራው፣ ቀልዱ፣ ሐሜቱ ሁሉ በአማርኛ ነው። ወዳ አልተማረችም። ሚጥሚጣ አልለመደችም። መንገድ ላይ ሰው ሲያፈጥባት አልለመደችም። እሱስ አይለመድም።

ፒያሳ ልውረድ። ከፈረሳው የቀረችው አንድ ማኪያቶ ቤት ሳትሞላ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ማታ 12 ሰዓት

ጠዋት ለጁምዓ ልብሴን ስተኩስ አቾል አንኳኳች። ዐይኗ ቀልቷል። ጉንፋን መሰለኝ፣ የኅዳር ብርድ ገና አልገባትም። እናቴ ሄደች አለችኝ። በሰላም ትግባ አልኳት። መቼ ነው የምትመለሰው ስላት የግቢውን በር አየች። ነገ ጓደኞቿ ቢመጡ ይቻላል ወይ አለች። ይቻላል አልኩ፣ ካልሲዬን እየፈለግኩ።

ከጁምዓ በኋላ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ጡረታ ወረቀት። ሰልፍ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሲስተም የለም። ሰኞ ተመለስ። ራሴን አመመኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

እንደ ተናደድኩ ነው የምጽፈው። ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ ከበሮ። ግቢዬ ውስጥ! ብወጣ ሰው ሞልቷል። ረጃጅም ወጣቶች፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጎረቤቱ ምን ይላል? ጓደኞቼ ማለት ሁለት ሦስት ሰው መስሎኝ ነበር።

በሽርጥ እንዳለሁ በረንዳ ላይ ቆምኩና፣ “ልጆች፣ ጭፈራ ካማራችሁ ውቤ በረሃ ቅርብ ነው! መንገዱም ቁልቁለት ነው” አልኳቸው። የአራዳ ልጅ አፉ አያረጅም። ከበሮው ቆመ። ሁሉም አቾልን አዩ። በቋንቋቸው ቀስ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ጫማቸውን አድርገው አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ረጅም ልጅ መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እያሾፈብኝ ይሆን? የዘመኑ ልጅ አይታወቅም።

እንቅልፌ ግን ሄደ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አቾል በሯን ዘግታ ዋለች። ቧንቧ ስትከፍት ሰማሁ፣ ብቅ ስል ገብታለች። አኩርፋለች። ታኩርፍ። ይበርድላታል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4 ሰዓት



ስኳር ልገዛ ጥጉ ላይ ወዳለው የሸምሱ ሱቅ ወጣሁ። ሸምሱ ስኳሩን እየመዘነ፣ “ጋሽ ይማም፣ ያቺ ልጅ በረታች?” አለኝ። ምን ሆና አልኩት። ሚዛኑን ትቶ አየኝ።

“እናቷ ሞተውባት የለ እንዴ! ሐሙስ ማታ ነው የተደወለላት። ቅዳሜ ለለቀስተኛ ብላ ለስላሳ ከኔ ነው የወሰደችው። እኔም ልደርስ ሱቁን ዘግቼ ስወጣ ድምፁ ጠፋ። ቶሎ ተበተኑ ብዬ ተመለስኩ።”

ስኳሩን ትቼው መጣሁ።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ገጽ ገልጬ ዓርብን አነበብኩ። ሄደች። በሰላም ትግባ። መቼ ነው የምትመለሰው። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን ብዬ።

ለቅሶ ነበር ደብተሬ። በዝማሬ የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ለቀስተኛ ከግቢዬ አባረርኩ። አባቴ እዚህ ግቢ ውስጥ ጠላቱ ሲሞት እንኳ ድንኳን ሊተክል የሚነሣ ሰው ነበር።

አባቴ ሲሞት ሚንስክ ነበርኩ። ደብዳቤው በሁለት ወሩ ደረሰኝ። አንብቤ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼ ላቦራቶሪ ገባሁ። አስተማሪው ለምን ዘገየህ ሲለኝ አውቶቡስ ጠፋ አልኩት። ቋንቋው አላነሰኝም። በዚያ ቋንቋ አባቴ ሞተ ብዬ ስናገር የራሴን ድምፅ መስማት አልፈለግኩም። ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ነበረብኝ? አውቅ የለም እንዴ!

ኅዳር 10፣ ረቡዕ። 3 ሰዓት

አንኳኳሁ። ከፈተች። ፊቷ ከስቷል፣ ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራለች። አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነበር። ነፍስ ይማር፣ አላወቅኩም፣ አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ። አራት ነገር።

አምፖሉ ይሠራል ወይ አልኳት።

ይሠራል ጋሽ ይማም አለች። ጥሩ አልኩና ተመለስኩ።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ሄደች። እኔ ፒያሳ ሳለሁ ነው። አንድ ማኪያቶ ጠጥቼ የምነሣው ሰውዬ ዛሬ ሁለት አዘዝኩ፣ ጋዜጣ እስከ ማስታወቂያው አነበብኩ። ለምን እንደቆየሁ አንቺም ታውቂያለሽ። ስመለስ ቁልፉ ሸምሱ ጋ ነው። ክፍሉን ጠርጋ፣ መሬቱን ወልውላ ነው የወጣችው። የሳልኩላትን ሰዓት ከበሩ ላይ ነቅላዋለች፤ ይዛው ትሂድ ጥላው ትሂድ አላውቅም። ቆሻሻ ቅርጫቱን ከፍቼ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ደወልኩ። ይጠራል። አይነሣም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከድጃ ገባች። የደሴ ማር፣ የእህቷ ልጅ ፎቶ፣ ወሬ በወሬ። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ “አቾልዬስ? ማር አምጥቼላታለሁ” አለች።

ነገርኳት። ሁሉንም። የውቤ በረሃዋን ግን በጨረፍታ ላልፋት ሞከርኩ። እሷ ደግሞ ነገር አታልፍም፣ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። “ምን አልካቸው? በቃልህ ንገረኝ” አለች። በቃሌ ነገርኳት።

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እኔ ቤት ውስጥ ለቅሶ ተባረረ” አለች፣ ለራሷ ነው። ቀጥላም፣ “የኛ ሰው ቢሆኑ ከበሮውን ሰምተህ ቀድመህ ማን ሞተ ትል ነበር። እነሱ ሲሆኑ ግን ጭፈራ ነው ያልከው። ለምን?”

 አሁንም እየጻፍኩ መልሱን እየፈለግኩ ነው። መልሱ እንዳለ አውቃለሁ፣ ደስ እንደማይል ስለማውቅ ነው የማላገኘው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። 11 ሰዓት

ስድስት ኪሎ ሄድን፣ ሁለታችንም። ከአፍንጮ በር በእግር። የግቢው ጥበቃ ያለ መታወቂያ አይገባም አለ። በሩ ላይ ቆመን የሚወጣውን ተማሪ ስናይ፣ ያ ቅዳሜ እጄን የጨበጠኝ ረጅም ልጅ። እሱ ነው የለየኝ። ማቢዮር እባላለሁ አለ። አማርኛ የለውም፣ በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው።

አሁን የሚመጣውን ስሚ። እንደገና እጄን በሁለት እጁ ያዘና አመሰገነኝ። ያን ቀን ወጥተው ስላጽናኑን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አቾል ያሉትን ተርጉማልናለች አለ። ቤት ውስጥ የታመመው ሰው ተሻለው ወይ? ታማሚ መኖሩን ብናውቅ ከበሮ ይዘን አንመጣም ነበር አለኝ።

ከድጃ አየችኝ።

ደህና ነው፣ ተሽሎታል አልኩ። የሌለ በሽተኛ አዳንኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ አፌ ግን ለስድብ እንጂ ለዚህ አይፈጥንም።

አቾል ከአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት፣ ትምህርት አላቋረጠችም። እንደመጣችሁ እነግራታለሁ አለ።

መንገድ ላይ፣ ነገ ተመልሼ ለልጁ እውነቱን ልንገረው አልኳት ለከድጃ። ቆመች፣ ታክሲ እያለፈ። “የሸፈነችልህን ልጅ ሐሰተኛ ልታደርጋት ነው? አንተ ቀለል እንዲልህ? መጀመሪያ እሷን ጠይቅ” አለች። 

ኅዳር 17፣ ረቡዕ። 10 ሰዓት

አቾል ደወለች። ለኔ አይደለም፣ ለከድጃ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተገናኘን።

ከድጃ ገና ስታያት አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወንበር ይዤ ቆሜያለሁ። ከድጃ የእናትሽ ስም ማን ነው ስትላት አፈርኩ። ዓመት ከሁለት ወር ግቢዬ ስትኖር ጠይቄ አላውቅም። አቡክ። አዋላጅ ነበሩ። ሐሙስ ጠዋት አዋልደው፣ እጃቸውን ታጥበው ትንሽ ልረፍ ብለው ጋደም አሉ፣ በዚያው ቀሩ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። አራቱንም ነገር አልኩ። ተንተባተብኩ እንጂ አልኩት። ቃል በቃል ያስታወስኩትን የሷን መልስ ላስቀምጥ፣

“ዓርብ ዕለት ሞተች የሚለውን ቃል አውቀው ነበር ጋሽ ይማም። ለእናቴ ማለት አቃተኝ። እርስዎ መቼ ትመለሳለች ሲሉኝ ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ። የምትመለስ መሰለኝ።”

ቅዳሜስ አልኳት። ለምን ሌላ ነገር ነገርሻቸው? ለኔ ብለሽ ነው?

“ለእርስዎ አይደለም” አለች። አልተቆጣችም፣ ሻይዋን እያማሰለች ነው። “ከመካከላቸው ሦስቱ እዚህ አገር የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሽማግሌው ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ብነግራቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በር በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣሉ። እኔ አውቀዋለሁ።”

እኔ አውቀዋለሁ አለች። ግቢዬ ውስጥ ሆና፣ የሳልኩላትን ሰዓት በሯ ላይ ለጥፋ፣ እኔ ለመጣው ሁሉ እየፎከርኩ፣ እሷ በር ሲከፈት ትደነግጥ ነበር። አንድም ቀን አላየሁም። ለራሴ የምናገረውን ሳዳምጥ እሷን አልሰማኋትም።

ተመለሽ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው አለቻት ከድጃ። አይ እትዬ አለች። እዚያ ስንተኛ ሦስት ነን፣ ማታ ስለ እናቴ በቋንቋዬ አወራለሁ። 

ስንነሣ፣ እሑድ እሑድ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንጸልያለን፣ እትዬ ከድጃ ቢመጡ ደስ ይለኛል አለች። እኔን አየችኝ። “እርስዎ ጋሼ… ገና ነው። ይቅርታዎን ሰምቻለሁ። ግን ገና ነው።”

እሺ ልጄ አልኳት። 

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ፒያሳ አልወረድኩም። ባዶውን ክፍል ከፍቼ ትንሽ ቆምኩ። ደላላው ተከራይ አለ ብሎ ደውሎ ነበር። ይቆየኝ አልኩት።

የከድጃ ጥያቄ ለምን የሚለው አልለቀቀኝም። ዛሬ መልሱን ልጻፈው። እነሱ የሚያለቅሱ አልመሰለኝም። ይኸው ነው። ሐዘን የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሚንስክ ውስጥ እኔን በዚህ ዐይን ያዩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ በስም እጠራቸዋለሁ፣ ለልጆቼም ነግሬያለሁ። አቾልም አንድ ቀን ለልጆቿ ትናገር ይሆናል፤ ይማም የሚባል ሽማግሌ ነበር ብላ።

ኅዳር 21፣ እሑድ። 7 ሰዓት

ከድጃን ላደርስ አብሬያት ሄድኩ። ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ የደሴውን ማር በፌስታል ይዛ። አዳራሹ በር ላይ ተለያየን። ሳትገባ ዘወር ብላ አየችኝ፣ ግባ አላለችኝም። ልክ ናት።

ከአጥሩ ውጪ የግንድ ቁራጭ ላይ ተቀመጥኩ። ዝማሬው ተጀመረ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቃሉን አላውቀውም፤ ለቅሶ መሆኑ ግን ለማንም ጆሮ ይገባል። በዚያ ቅዳሜ የኔ ጆሮ ምን ሆኖ ነው? የሚያልፍ ሰው ቆሞ፣ አባት ምን በዓል ነው አለኝ። ለቅሶ ነው፣ እናት ሞታባቸው ነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀና ነፍስ ይማር ብሎ አለፈ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ማቢዮር ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ አየኝ፣ ለምን ውጪ በምልክት አለኝ። እዚህ ይሻለኛል አልኩት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥቶኝ ተመለሰ።

ከድጃ ስትወጣ ዐይኗ አብጧል። አቾል እስከ በሩ ሸኘቻት። ከሩቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። በመካከላችን መንገዱ ነበር።

ወስኛለሁ ደብተሬ። በሚቀጥለውም እሑድ አደርሳታለሁ፣ ከዚያ በኋላም። ካልጠሩኝ አልገባም፣ ጥሩኝም አልልም። ከጠሩኝ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ አፌን ዘግቼ እሰማለሁ።