መርፌው ሳያርፍ

ለምወድሽ እህቴ ለኢንገሊሴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የደሴታችሁ ንፋስ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እዚህ ኦርሁስ ከተማ ደህና ነኝ።

የሐሙስ የጃዝ ማኅበራችን አልፈረሰም። ዛሬም ሽፋኑን ደብቀን ሸክላ እናጫውትና፣ የድሮው ነው ወይስ ተደግሞ የታተመው እያልን እንከራከራለን። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሐሙስ ሸክላው ሲዞር አየሁና እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ይሄማ የድሮው ነው! የትራምፔቱን ትንፋሽ ስሙት እንጂ!» አልኩ። ሸክላውን የሚያጫውተው ቪሊ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ፣ «አንተ ቶርኪል፣ መርፌውን እኮ ገና አላሳረፍኩትም» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወር ሙሉ መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድም የሳቀ የለም። ያ ተረበኛ ቪሊ ካፖርቴን አለበሰኝ፣ አስቢው! ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

የእሁዱን ስልክ ለጊዜው ተይው፤ መስመሩ ተበላሽቷል መሰለኝ። ይልቅ ጻፊልኝ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል።

ባልሽን አስገርን ሳሚልኝ። ጤናሽን አይንሳኝ።

ወንድምሽ ቶርኪል

ብትመጪ ደወሉን ተጭነሽ እንዳትጠብቂ። ሰሞኑን በሩን አልቆልፍም፤ ዝም ብለሽ ግቢ።