አስተናግር ሳንበላ እንነጋገር

ጌጡዬ፣ የኔ ሆድ፣ የምሥራች! እስቲ «ምሥር ብዪ» በለኝ። ከተለየኸን ወዲህ ፍልሰታ ተፈታ፣ ዘመን ተለወጠ፣ መስቀልም ያለ ደመራ አለፈ፤ አሁን ማሽላው አሽቶ ወፍ እየለቀመው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላንተ የሚነገር ደስ የሚል ነገር ያገኘሁት ዛሬ ገና ነው። ቀድሜ የምነግርህ እኔ ሚስትህ ልሁን ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። መርሳ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ከወልድያም ከደሴም የሚመጣ ዘመድ የለም። አስፋልቱን የታጣቂ መኪና ብቻ ነው የሚመላለስበት። ጋራዥህ ተዘግቷል። መፍቻዎችህን ወሰዷቸው፤ ክሪኩን ብቻ እማማ ጥሩ አገዳ ከምረውበት አተረፉት። እናትህን ታውቃቸው የለ! መኪና በማይቆምበት ግቢህ ደግሞ ምን ቢበቅልበት ጥሩ ነው? አስተናግር! ያ ነጭ አበባ፣ ያ እሾሃም ፍሬ፣ በየክረምቱ «ይኼን ፍየል እንኳ ዞር ብላ አታየውም» እያልክ በአካፋ የምትገፍፈው። የሚገፍፈው ሰው ሲጠፋ ወገብ ድረስ ደረሰ።

ጉድ የሠራን ስሙ ነው። ግራና ከተማ ላይ አንድ አባት ፍሬውን በልቶ ከሟች ልጁ ጋር ሲያወጋ ዋለ የሚል ወሬ መጣ። ስሙ ራሱ አስተናግር አይደል፣ ያነጋግራል ተባለ። ዘንድሮ ሟቹን በወጉ ያላለቀሰ ሰው ብዙ ነውና ወሬው ቶሎ ሥር ያዘ። ወንድምህ ደምሌም ሰማ። ውርጌሳ መንገድ ላይ የተበላሸችውን መኪና ልትጠግን የወጣህ ለት እየሳቅህ ነበር፤ በምን እንደሳቅህ ሳይጠይቅህ መድፉ ቀድሞት ወሰደህ። እሱ ነገር ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጓሮ ብመለስ፣ ደምሌ ባዶው ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኮ ለሌለ ሰው የሌለ መፍቻ ያቀብላል። «አሥራ ሰባቱን ነው ያልከኝ?» ይላል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ፊቱን አየሁት፤ ለካ ፍሬውን በልቶታል። እሳት መስሏል፣ ሰውነቱ ይፋጃል፣ ላብ ግን ጠብ አይልም። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑን ሞልቶታል። «ውኃ ጠማኝ፣ ውኃ ጠማኝ» ይላል። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ አንዱ እሰሩት ይላል፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ አረቄ፣ አንዱ ጠበል። ደምሌ ደግሞ አንተን ሊከተል ወደ አስፋልቱ መሮጥ ነው የሚፈልገው። በዚህ ሰሞን አስፋልት ላይ የሚሮጥ ጎረምሳ ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ጥይት ነው የሚቀድመው።

ሲስተር ዘሀራ ደረሰችልን። ሆስፒታሉ ከተዘረፈ ወዲህ ቤቷ ነው የምትውለው። «ያ ረቢ! ዞር በሉለት እስቲ!» እያለች ገባች። ደህና ጊዜ ቢሆን ለደቂቃም በቤት አናቆየውም ነበር አለች፤ ለዚህ ነገር እቤት የሚሰጥ መድኃኒት የለምና። አረቄውን ከለከለች፣ በግድ ማስመለስንም፣ ማሰርንም፣ መጮህንም። መዋጥ ስላቃተው ወተቱ ያንቀዋል አለች። ቢላዋውንም ክሪኩንም አወጣን፣ በሩን ዘጋን፣ ጥላ ላይ አስቀምጠን እርጥብ ጨርቅ አለበስነው። እኔ ብቻ አጠገቡ ሆኜ ቀስ ብዬ ስሙን እየጠራሁ አዋራው ጀመር። ሲደክመው በጎኑ አስተኛነው፤ ትንፋሹን ስናዳምጥ ሰነበትን፣ ፈጣሪ አተረፈው። ዘሀራ ግን ይኼ ዕድል ነው አለች። የአንዱ ፍሬ ኃይል ካንዱ አይመሳሰልም፣ ይኼን ያህል ቢበሉ አይጎዳም የሚባል ነገር የለውም።

ሲሻለው ምን አየህ ብንለው፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ብቻ! ያን ሁሉ መፍቻ ያቀበለው ሰው፣ አንተን ማየቱን እንኳ አያስታውስም። ዓይኑ ደብዝዞ ዳዊት መድገም አቅቶት ከረመ።

እኔ አለፈ ብዬ ነበር። ለካ እማማ ጥሩ ያን ለት በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ደምሌ አንተን እያነጋገረ «ውኃ ጠማኝ» ሲል፣ ያንተን ቃል የሚነግራቸው መሰላቸው። ልጄ በዚያኛው ዓለም ውኃ ጠምቶታል ብለው እህል ከአፋቸው ራቀ። አንድ ቀን ነጠላቸውን ላጥብ ብቀበላቸው ጫፉ ተቋጥሯል፤ ብነካው የአስተናግሩ ፍሬ እሾህ ጣቴን ወጋኝ። የዘሀራ ቃል ትዝ አለኝ፤ የደምሌን ልብ እንዲያ ያስጋለበ ነገር የእሳቸውን ልብ አይምርም። ከናት እጅ ነጥቄ አልወስድ! ዘሀራን ባማክራት፣ አትቆጫቸው፣ ከተቆጣሻቸው ተደብቀው ይበሉታል አለችኝ። እኔም «እማማ፣ ልብላው ብለው ያሰቡ ለት እንዳይደብቁኝ፣ ብቻዎን እንዳይሆኑ» ብቻ አልኳቸው፣ ከዚያ ከጎናቸው አልጠፋሁም። ፍርሃቴን አታንሣው።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ ጌጡዬ! ደምሌ፣ ነገሩን ነግሬው ስለነበር፣ እግራቸው ሥር ቁጭ አለና «እማዬ፣ የጠማው እኔን ነው። መርዙ ነው አፌን ያደረቀው። ጌጡ ውኃ አልለመነም» አላቸው። ከዚያ እማማ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው መዳፌ ላይ አራገፉልኝ። ደስታዬ! እልል ልል ስል ታጣቂ እንዳይሰማ አፌን ያዙኝ። እሳት ውስጥ ልጨምረው ነበር፣ ዘሀራ ጭሱም ያው ነው ብላ ከለከለችኝና ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተትነው። ደምሌም እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ግቢህን ሙልጭ አድርጎ ነቀለው። እማማ ምሳ በሉ ስልህ፣ ጨመሩም እኮ!

ይኼን ስጽፍልህ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አንረሳህም፣ ስምህን ከቤታችን አናጠፋም ብዬ ልዘጋው ስል ከለከሉኝ። «እሱን ተይው እናኑ፣ እናት ትረሳለች ወይ ብሎ ይስቅብኛል» አሉ። የራሳቸውን ቃል እንዲህ ብለው አስጻፉኝ፦

«ልጄ፣ አልጠማህም አሉኝ፣ ልቤ ዐረፈ። መምጣቱንስ እመጣለሁ፣ የት ይቀራል። ግን ሳልጠራ አልመጣም።»